ዲስኮርድ መልእክቶቹን የት ያስቀምጥ? ከሞንጎ ወደ ካሳንድራ፣ ከካሳንድራ ወደ ሲላ

ኖኤስኪውኤል (ከተለመደው የኤስኪውኤል ሰንጠረዥ ውጪ የሆነ) ዳታቤዝ ይመረጥ ሲባል ክርክሩ ብዙ ጊዜ ከስም ይጀምራል። አንዱ ሞንጎ ይላል፣ ሌላው ካሳንድራ ይላል። ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የፍጥነት ሰንጠረዥ ያመጣና ነገሩ እዚያው ይወሰናል። ከወራት በኋላ ሲስተሙ ሲንቀራፈፍ ሰንጠረዡ ምንም አይረዳም። የተለካው በሌላ ሰው ዳታና በሌላ ሰው ተጠቃሚዎች ነውና።

የራስን ዳታ ይዞ መምረጥና መፈተን ምን እንደሚመስል ለማየት የዲስኮርድን (ሰዎች በጽሑፍና በድምፅ የሚያወሩበት መተግበሪያ) ያህል ጥሩ ጉዳይ አላውቅም። ኩባንያው በ2017 እና በ2023 ባወጣቸው ጽሑፎች ምርጫውን፣ ፈተናውንና የገጠመውን ችግር ሁሉ ዘርዝሮ አስቀምጦታል። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ሞንጎ ለሁሉም

ዲስኮርድ ሥራ የጀመረው ሜይ 2015 ነው። የመጀመሪያው ስሪት ተሠርቶ ያለቀው ሁለት ወር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነበር። ሁሉም ነገር አንድ የሞንጎዲቢ ሪፕሊካ ሴት (ያንኑ ዳታ የሚይዙ የማሽኖች ስብስብ) ውስጥ ገባ። ይህ በግዴለሽነት የተደረገ አይደለም። ቶሎ ሠርተው ማውጣት ነበረባቸው፤ ግን ዳታው ነገ በቀላሉ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር አድርገው ነው የገነቡት። የሞንጎን ሻርዲንግ (ዳታን ለብዙ ማሽን መከፋፈል) እንደማይጠቀሙም ቀድመው ወስነዋል። ውስብስብ ነው፣ በመረጋጋትም አይታወቅም የሚል እምነት ነበራቸው።

መልእክቶቹ አንድ ኮሌክሽን ውስጥ ተቀመጡ። በቻናሉ መለያና በተጻፉበት ሰዓት ላይ አንድ ጥምር ኢንዴክስ (መፈለጊያ ማውጫ) ተሠራላቸው። በኖቬምበር 2015 ገደማ የመልእክቶቹ ቁጥር 100 ሚሊዮን ደረሰ። ያኔ ዳታውም ኢንዴክሱም ራም ውስጥ አልበቃ አለ። የምላሽ ጊዜው ይዋዥቅ ጀመር።

ሞንጎን የምወቅስበት ምክንያት አይታየኝም። ምርቱ ሰው ያግኝ አያግኝ ሳይታወቅ በፊት ትልቅ ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ብዙ ማሽኖች) መትከል ገንዘብም ጊዜም ማባከን ነው። የማደንቀው የመውጫውን በር ገና ሲገቡ ክፍት መተዋቸውን ነው።

ከዳታቤዙ በፊት ትራፊኩ

ቀጥሎ ያደረጉት ነገር ብዙ ቡድን የሚዘለው ነው። የዳታቤዝ ስም ከማንሳታቸው በፊት ሰው መልእክቶቹን እንዴት እንደሚያነብና እንደሚጽፍ አጠኑ። ንባብና ጽሕፈት ግማሽ በግማሽ ሆኖ ተገኘ። ንባቡ ደግሞ እጅግ የተበታተነ ነበር።

ለምን እንደተበታተነ ለማወቅ ማኅበረሰቦቹን ከፋፍለው አዩ። በአብዛኛው በድምፅ የሚያወሩ ሰርቨሮች (ዲስኮርድ የአንድ ማኅበረሰብን ቦታ ሰርቨር ይለዋል) አሉ፤ በብዙ ቀን አንዴ አንድ ሁለት መልእክት ይጻፍባቸዋል፣ ዓመቱን ሙሉ 1,000 መልእክት አይሞሉም። በግል የሚጻጻፉ ሰርቨሮች በዓመት ከ100 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይጽፋሉ። ትልልቆቹ የሕዝብ ሰርቨሮች ደግሞ በዓመት ሚሊዮኖችን።

ከሦስቱ ለዳታቤዙ የሚከብደው የትኛው ነው? መልሱ ደስ የሚል ነው። ትልቁ ሰርቨር ቀላል ነው። አባላቱ ሁሌም የሚያነቡት ያለፈውን አንድ ሰዓት ወሬ ስለሆነ ዳታው ኬሽ (ቶሎ የሚደረስበት ጊዜያዊ ማከማቻ) ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። የሚከብደው ዝምተኛው ነው። እዚያ ቻናል ላይ 50 መልእክት ለማሳየት ዲስኩ ከዚህም ከዚያም እየዘለለ መልቀም አለበት። ያ ዝላይ ደግሞ ሌሎች የሚፈልጉትን ዳታ ከኬሽ ያስወጣል። በመጠን ብቻ የሚፈትን ሰው ይሄን መቼም አያየውም።

መስፈርታቸውን የጻፉት ከዚህ በኋላ ነው። ኖድ፣ ማለትም ማሽን፣ ሲጨመር አቅሙ በዚያው ልክ ይደግ፣ ዳታ በእጅ ማከፋፈል አይኑር። አንድ ኖድ ሌሊት ቢወድቅ ሲስተሙ ራሱን ያስተካክል፣ ሰው ከእንቅልፉ አይቀስቀስ። ሌሎች በትልቅ መጠን ሠርተውበት የተመሰከረለት ይሁን። ሙሉውን ጥቅል እየፈቱ መልሰው የሚያሽጉበት አይነት ማከማቻ አይሁን፤ በሰከንድ ሺህ መልእክት ሲመጣ ያ አያዋጣም። ክፍት ምንጭ ይሁን። ፍጥነቱም የሚተነበይ ይሁን።

የመጨረሻው ላይ ቁጥር አስቀመጡበት። ከመቶ የኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዲስኮርድን የሚጠይቁበት በር) ጥያቄዎች፣ ከፈጣኑ ወደ ዘገምተኛው ሲደረደሩ፣ የ95ኛው የምላሽ ጊዜ 80 ሚሊሰከንድ ካለፈ ማንቂያው ይጮኻል። ለዚህም ሲሉ መልእክቶችን ሬዲስ ወይም ሜምካሽድ ውስጥ ኬሽ ማድረግ አልፈለጉም፤ ዳታቤዙ ራሱ መቻል ነበረበት። “ፈጣን ይሁን” የሚል መስፈርት አይፈተንም። 80 ሚሊሰከንድ ግን ወይ ያልፋል ወይ ይወድቃል።

ሁሉንም ያሟላው ካሳንድራ ብቻ ነበር። ኔትፍሊክስና አፕል በሺዎች በሚቆጠሩ ኖዶች ያንቀሳቅሱት ነበር።

የ100 ሜጋባይቱ ማስጠንቀቂያ

ካሳንድራ ውስጥ ሁሉ ነገር የሚወሰነው በቁልፉ ነው። የቁልፉ የመጀመሪያ ክፍል ዳታው የትኛው ኖድ ላይ እንደሚያርፍ ይወስናል። አብሮ የሚያርፈው የዳታ ክፍል ፓርቲሽን ይባላል፤ የቁልፉ ሁለተኛ ክፍል በዚያ ፓርቲሽን ውስጥ ቅደም ተከተሉን ይይዛል። ለዲስኮርድ ቀላል መሰለ፤ የቻናሉ መለያ ፓርቲሽን፣ የመልእክቱ መለያ ቅደም ተከተል። የመልእክቱ መለያ ትዊተር በፈጠረው ስኖውፍሌክ ስልት የተሠራ ነው። ሰዓቱ ቁጥሩ ውስጥ ስላለ በራሱ ይደረደራል።

ከዚያ እውነተኛ ዳታቸውን መጫን ጀመሩ። ካሳንድራ ወዲያው ማስጠንቀቂያ ሰጠ፤ ከ100 ሜጋባይት በላይ የሆኑ ፓርቲሽኖች አሉ አለ። በወረቀት ላይ ካሳንድራ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፓርቲሽን እችላለሁ ይላል። መቻልና በሰላም መሥራት ግን ይለያያሉ። ፓርቲሽኑ ሲገዝፍ ኮምፓክሽን ላይ፣ ማለትም ካሳንድራ በየፋይሉ የተበታተነውን ዳታ በሚያዋህድበት ሰዓት፣ በጃቫ (ካሳንድራ የተጻፈበት ቋንቋ) ሜሞሪ ላይ ከባድ ጫና ይፈጥራል። አንድ ግዙፍ ፓርቲሽን ደግሞ ለብዙ ኖድ አይከፋፈልም።

መፍትሔውን ያገኙት ከራሳቸው ዳታ ነው። ትልቁን ቻናላቸውን አይተው የ10 ቀን መልእክት ከ100 ሜጋባይት በታች በደንብ እንደሚገባ አሰሉ። ከዚያ በኋላ የፓርቲሽኑ ቁልፍ ቻናሉና የ10 ቀኑ ክፍል አንድ ላይ ሆኑ። ቻናል ሲከፈት ፕሮግራሙ ከአሁኑ ክፍል ይጀምርና በቂ መልእክት እስኪያገኝ ወደኋላ ይሄዳል። ዝምተኛ ቻናሎች ላይ ብዙ ክፍል መፈተሽ ሊያስፈልግ ነው፤ ያን ዋጋ አውቀው ተቀበሉት። ትንሽ ቆይቶ ግን ይሄው ነጥብ በሌላ መልክ ይመለሳል።

በእውነተኛ ሰው መፈተን

ዲስኮርድ ካሳንድራን የፈተነው በተጠቃሚዎቹ ትራፊክ ነው። ሞንጎ ሥራውን እየሠራ፣ እያንዳንዱ ጽሕፈትና ንባብ ወደ ካሳንድራም እንዲሄድ አደረጉ። ተጠቃሚው ምንም አያውቅም። ካሳንድራ ቢሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም።

ስህተቱ ወዲያው መጣ። የጸሐፊው መለያ ባዶ የሆነ መልእክት አለ የሚል ሪፖርት ይገባ ጀመር። ያ ዓምድ ደግሞ በፍጹም ባዶ ሊሆን አይገባም። እንዴት ሆነ? አንድ ሰው መልእክቱን ሲያርም ሌላው በዚያው ቅጽበት ያጠፋዋል። ካሳንድራ ከመጻፉ በፊት አያነብም፤ እርማቱም እንደ አዲስ ጽሕፈት ይገባል። ስለዚህ መልእክቱ ከጠፋ በኋላ እርማቱ ሲደርስ ቁልፉና አዲሱ ጽሑፍ ብቻ ያለው ረድፍ ተፈጠረ። ራስ የሌለው አካል ማለት ነው። ሁለት መንገድ ነበራቸው። ሲታረም መልእክቱን በሙሉ መልሶ መጻፍ አንዱ ነው፤ ያ ግን የጠፋን መልእክት ሊያስነሳ ይችላል። ሌላው የጸሐፊው መለያ ባዶ የሆነውን ሁሉ እንደተበላሸ ቆጥሮ ማጥፋት ነው። ሁለተኛውን መረጡ፤ ትክክል ይመስለኛል። ሰው ያጠፋው ነገር ተመልሶ ከሚመጣ እርማት ቢቀር ይሻላል።

ሁለተኛው ግኝት ከዚህ ጋር ይያያዛል። ካሳንድራ ውስጥ ማጥፋት ማለት ወዲያው ማንሳት አይደለም። “ይሄ ጠፍቷል” የሚል ምልክት ይጻፋል፤ ስሙ ቱምስቶን ይባላል። አንድ ዓምድ ላይ ባዶ እሴት መጻፍም እንደዚያው ቱምስቶን ያስቀምጣል። የዲስኮርድ የመልእክት ሰንጠረዥ 16 ዓምድ ነበረው፤ አንድ ተራ መልእክት ግን 4ቱን ብቻ ነው የሚሞላው። እያንዳንዱ “ሰላም፣ እንዴት ናችሁ” 12 ቱምስቶን ይዞ እየገባ ነበር ማለት ነው። ባዶ ያልሆነውን ብቻ በመጻፍ ተገላገሉ።

የፍጥነቱ ውጤት ግሩም ሆነ። ጽሕፈት ከ1 ሚሊሰከንድ በታች፣ ንባብ ከ5 ሚሊሰከንድ በታች። ይህ የአንድ ጊዜ ቁጥር አይደለም፤ በአንድ ሳምንት ፈተና ውስጥ የትኛውም ዳታ ቢነበብ ያው ነበር። ሚሊዮን መልእክት ያለበት ቻናል ውስጥ ከአንድ ዓመት በፊት ወደተጻፈ መልእክት ዘሎ መሄድንም ሞክረዋል፤ ከሁሉ የከፋው የተበታተነ ንባብ መሆኑ ነው። ከዚያ ካሳንድራ ዋናው ሆነ፣ ሞንጎም በሳምንት ውስጥ ወጣ።

ባዶው ቻናል

ስድስት ወር ያህል በሰላም ሠራ። ከዚያ አንድ ቀን ካሳንድራ መልስ መስጠት አቆመ። ጃቫ ሜሞሪውን ለማጽዳት ሁሉን ነገር ለ10 ሰከንድ ያስቆማል፣ ይነሳል፣ እንደገና ያስቆማል። ምክንያቱን ሲያስሱ ለመከፈት 20 ሰከንድ የሚፈጅ አንድ ቻናል አገኙ። የአንድ ጌም ወዳጆች የሕዝብ ሰርቨር ነበር። ለሁሉም ክፍት ስለሆነ መሐንዲሶቹ ራሳቸው ገብተው አዩት። ቻናሉ ውስጥ ያለው አንድ መልእክት ብቻ ነው።

የሰርቨሩ ባለቤቶች በኤፒአይ ሚሊዮኖች መልእክት አጥፍተው አንድ ብቻ አስቀርተው ነበር። ለተጠቃሚው ቻናሉ ባዶ ነው። ለካሳንድራ ግን በሚሊዮን ቱምስቶን የታጨቀ ነው። አንድ ሰው ቻናሉን በከፈተ ቁጥር ያንን ሁሉ ማለፍ ነበረበት፣ ቆሻሻውም ጃቫ ከሚያጸዳው ፍጥነት በላይ ተከመረ።

ሁለት ነገር አስተካከሉ። ቱምስቶን የሚቆይበትን ጊዜ ከ10 ቀን ወደ 2 ቀን አወረዱት። ይሄን ማድረግ የሚቻለው በየሌሊቱ የቅጂዎች ማስታረቂያ ስለሚያስኬዱ ነው፤ ያን ሳያደርጉ ጊዜውን ማሳጠር የጠፋ ዳታን ሊያስነሳ ይችላል። በተጨማሪም ባዶ የሆኑ የ10 ቀን ክፍሎችን እየመዘገቡ በሚቀጥለው ጊዜ እንዲዘለሉ አደረጉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ፍጥነት የሚለካ ሰው ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። በዘርፉ በጣም የሚታወቀው የኖኤስኪውኤል መለኪያ ያሁ በ2010 ያወጣው ዋይሲኤስቢ ነው። መሠረታዊ የፈተና ዓይነቶቹ ማንበብ፣ ማደስ፣ ማስገባት፣ ተከታታይ ረድፍ መቃኘት፣ አንብቦ ማሻሻል ናቸው። ማጥፋት የለበትም። በዚያ መለኪያ ብቻ የፈተነ ሰው የዲስኮርድን ትልቁን ችግር በፍጹም አያገኘውም።

ሌላው የ10 ሰከንዱ ቆም ማለት ራሱ ነው። በሰከንድ 100 ጥያቄ ለ100 ሰከንድ እንልካለን እንበል። መሃል ላይ ዳታቤዙ 10 ሰከንድ ቆመ። መለኪያው “የቀደመው መልስ ሳይመጣ ቀጣዩን አልልክም” የሚል ከሆነ በእነዚያ 10 ሰከንዶች የሚመዘግበው አንድ ዘገምተኛ ጥያቄ ብቻ ነው። ሌሎቹ 9,000 ያህሉ ፈጣን ናቸውና ፒ99 (ከመቶ ጥያቄ የ99ኛው የምላሽ ጊዜ) ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። እውነተኛ ተጠቃሚ ግን ቆሞ አይጠብቅም። በዚያ ጊዜ 1,000 ሰው መጥቷል፤ ከጠቅላላው 10 ከመቶ ማለት ነው። በትክክል ቢለካ ፒ99 ወደ 9 ሰከንድ ይጠጋል። ያው ዳታቤዝ ነው፣ ያው ቀን ነው፣ ሁለቱ ቁጥሮች ግን አይተዋወቁም። ስለዚህ የምትጠቀሙበት መሣሪያ ጥያቄዎችን በቋሚ ፍጥነት የሚልክ መሆኑን አጣሩ። የሚጠብቅ ከሆነ ቁጥሩን አትመኑት።

12 ኖድ 177 ሲሆን

በ2017 ዲስኮርድ 12 የካሳንድራ ኖድ ነበረው፣ እያንዳንዱ ዳታ በ3 ቅጂ። በቀን ከ120 ሚሊዮን በላይ መልእክት ይገባ ነበር። በ2022 መጀመሪያ ኖዶቹ 177 ሆኑ፣ መልእክቶቹም ትሪሊዮኖች።

ችግሩ የተለመደው ነው፤ አንዱ ፓርቲሽን ላይ መጨናነቅ። ካሳንድራ ላይ ከመጻፍ ይልቅ ማንበብ ይከብዳል፣ አንድን ነገር ለማንበብ ብዙ ፋይል መፈተሽ ሊያስፈልግ ስለሚችል። አንድ ትልቅ ሰርቨር ላይ አስተዳዳሪው ሁሉንም አባላት ጠርቶ ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሁሉም ያንኑ መልእክት ለማንበብ ይጎርፋል። ቀበሌ ውስጥ ሌሎቹ መስኮቶች ባዶ ሆነው አንዱ መስኮት ላይ ብቻ ሰልፍ እንደሚረዝም ነው። ጥያቄዎቹ የአብዛኞቹን ቅጂዎች መልስ ስለሚጠብቁ የዚያ ኖድ መጨናነቅ ወደ ሌሎች ጥያቄዎችም ይተርፋል። ኮምፓክሽኑም ወደኋላ ይቀር ነበር። አንዱን ኖድ ከትራፊክ አውጥተው ፋይሉን እንዲያዋህድ ትተው መልሰው ያስገቡታል፣ ከዚያ ተራው የቀጣዩ ነው።

ወደ ሲላዲቢ ያዩት ለዚህ ነው። ሲላ የካሳንድራን ቋንቋ ይናገራል፣ ግን በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ ነው። የጃቫ ሜሞሪ ማጽጃ የለበትም፤ ሥራውንም ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር ለይቶ ያከፋፍላል። ዲስኮርድ ገና በ2017 ዓይኑን ጥሎበት ነበር። እስከ 2020 ድረስ ከአንዱ በስተቀር ሁሉንም ዳታቤዞቹን አዛወረ። የቀረው የመልእክቶቹ ነበር፣ ከሁሉ ትልቁ።

የዘገየውም በምክንያት ነው። በትንንሾቹ ላይ ልምድ ማግኘት ፈልገዋል። በፈተናቸውም ሲላ ከሰንጠረዡ ቅደም ተከተል በተቃራኒ ሲነበብ እንደማይበቃቸው አዩ፤ ከጥንቱ ወደ አዲሱ መቃኘት ማለት ነው። የሲላ ቡድን ያንን እስኪያሻሽለው ጠበቁ። አንድ ጉድለት ፈልጎ ማግኘት፣ ለሠሪዎቹ መንገር፣ ተስተካክሎ እስኪመጣ ዋናውን ዳታ አለማዛወር። ይህን ትዕግሥት ብዙ ቦታ አላይም።

ዳታውን ለማዛወር መጀመሪያ የያዙት መሣሪያ 3 ወር ይፈጃል ብሎ ገመተ። በረስት ቋንቋ የራሳቸውን ጻፉ፤ ቀድሞ የነበራቸውን ኮድ በአንድ ከሰዓት አስፋፍተው። በሰከንድ እስከ 3.2 ሚሊዮን መልእክት አሻገረ፣ ግምቱም ወደ 9 ቀን ወረደ። 99.9999 ከመቶ ላይ ግን ቆመ። የቀሩት ጥቂት ክፍሎች ውስጥ ተዋህደው የማያውቁ ግዙፍ የቱምስቶን ክምሮች ነበሩ። ካሳንድራ እዚያ ቦታ ላይ እንዲያዋህድ አዘዙት፣ በሰከንዶች ውስጥ አለቀ። ከዚያ ከንባቡ ትንሽ ከመቶ እጅ ወደ ሁለቱም ዳታቤዝ እየላኩ መልሱን አመሳከሩ። ሜይ 2022 ላይ ሙሉ በሙሉ ተሻገሩ።

ቁጥሩን እንዴት እናንብበው?

177 ኖድ 72 ሆነ። የድሮ መልእክት ማንበብ ካሳንድራ ላይ በፒ99 ከ40 እስከ 125 ሚሊሰከንድ ይወስድ ነበር፤ ሲላ ላይ 15 ሆነ። መልእክት ማስገባት ከ5 እስከ 70 ሚሊሰከንድ ይዋዥቅ የነበረው 5 ላይ ረጋ። ዲሴምበር 18 ቀን 2022 አርጀንቲናና ፈረንሳይ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወቱ ሜሲ ወይ ኤምባፔ ባገባ ቁጥር የመልእክቱ ግራፍ ወደ ላይ ተተኮሰ። ዳታቤዙ ንቅንቅ አላለም።

ይሄን ይዞ “ሲላ ከካሳንድራ ይህን ያህል እጥፍ ይበልጣል” ማለት ግን አይቻልም። በዚያው ጊዜ ሌሎች ነገሮችም ተለውጠዋል። ዲስኩ ተቀይሯል፤ አጠገብ ያለ ፈጣን ኤስኤስዲ ለንባብ፣ በኔትወርክ የሚገናኝ ዲስክ ደግሞ ዳታው እንዳይጠፋ፣ ሁለቱ ተጣምረው። የእያንዳንዱ ኖድ ዲስክም አድጓል፤ ካሳንድራው በአማካይ 4 ቴራባይት ይይዝ ነበር፣ የሲላው 9 ቴራባይት አለው። የኖዱ ቁጥር የቀነሰው በከፊል በዚህ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ዳታቤዙ ፊት ለፊት በረስት የተጻፈ አንድ አገልግሎት ቆሟል። አንድ ሺህ ሰው በአንድ ቅጽበት ያንኑ መልእክት ቢጠይቅ አገልግሎቱ ዳታቤዙን አንዴ ብቻ ይጠይቅና መልሱን ለሺው ያድላል። የአንድ ቻናል ጥያቄዎች ሁሉ ወደ አንድ ማሽን እንዲሄዱ ተደርጓል፤ አለዚያ መጠቅለሉ አይሠራም። ይሄ ገና ካሳንድራ እያሉ የገባ ሥራ ነው። ጭንቅንቁን ቀነሰው፣ ፈጽሞ ግን አላጠፋውም።

እኔ ብሆን አንድ ፓርቲሽን ላይ የሚጨናነቅ ሲስተም ይዤ ሌላ ዳታቤዝ ከመፈተኔ በፊት ይህን መጠቅለያ አሁን ባለው ዳታቤዝ ፊት አቁሜ እለካ ነበር፣ በቋሚ ፍጥነት በሚልክ መሣሪያ፣ ከራሴ ትራፊክ በተቀዳ ጥያቄ፣ ማጥፋቱንም ጨምሬ። የ80 ሚሊሰከንዱን ፈተና ካለፈ የዳታቤዝ ለውጡ ለሚቀጥለው ዓመት ሊቆይ ይችላል። ካላለፈ ደግሞ አዲሱ ዳታቤዝ የሚለካው መጠቅለያው ካመጣው ቁጥር ጋር ነው።